ምደባው ሳይታወቅ ወደ ሠራዊት የሄደ አባት፦ ከለገጣፎ ጠርዝ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ

ጉዳዩ ሲጀምር አባት 23፣ እናት 21፣ ልጃቸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር። መኖሪያቸው ለገጣፎ፣ እንጀራቸው አያት። እሱ በግንባታ ላይ ፌራዮ፣ ማለትም የብረት ሠራተኛ ነው፤ ሥራ በተገኘ ቀን 600 ብር፣ ሥራውም በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ነው። እሷ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ በቀን 130 ብር ገደማ ይተርፋታል። ከለገጣፎ አያት በሚኒባስ ቅርብ ነው። በአስተዳደር ግን ለገጣፎ ሸገር ከተማ፣ ኦሮሚያ ክልል ነው፤ አያት ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ በየቢሮው ዋጋ አስከፍሏል። የቤተሰቡ ስም፣ የትውልድ ቀያቸውና አባትየው የተመደበበት ክፍል ማንነታቸው እንዳይታወቅ እዚህ አልተጻፈም።

ኅዳር 2016 ላይ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሥራውን ሲያቀዘቅዘው አባትየው ለመከላከያ ሠራዊት ምልመላ ተመዘገበ። የጤና ምርመራውን አለፈ፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተጠቃለህ ግባ ተባለ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ቤተሰቡ ያነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «የት ይመድቡሃል?» መልስ ሊሰጥ የሚችል ሰው አልነበረም። ቤቱን ያናጋው ግን የምደባው ቦታ አለመታወቁ አልነበረም። ገንዘቡ፣ የልጅቷ ወረቀት፣ የቤት ኪራዩ፣ ዕቁቡ ሁሉ እሱ በአካል ሲገኝ ብቻ የሚንቀሳቀሱ ሆነው መቅረታቸው ነው።

ፎርሙ ላይ «ያላገባ»

የምልመላ መስፈርት ከዙር ዙር ይለያያል። ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ቁመትና ክብደት፣ ከሱስ ነፃ መሆን የማይቀሩ ናቸው፤ በብዙ ዙሮች «ያላገባ» የሚልም ይጨመራል። አባትየው ያመለከተበት ዙር እንዲህ ያለው ነበር። ከልጁ እናት ጋር የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት የላቸውም። «ወረቀት ከሌለኝ አላገባሁም» ብሎ ሞላ። የቅርብ ተጠሪ በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ገጠር ያሉትን እናቱን አስገባ።

ይህ ሰፈሩ ውስጥ በጣም የተለመደ አስተሳሰብ ነው፤ ስሕተትም ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ በሦስት መንገድ እንደሚፈጸም ይደነግጋል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል። በሽማግሌ የተጋባ ሰው ያገባ ሰው ነው፤ የጎደለው ማስመዝገቡ ብቻ ነው። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ለገጣፎ የሚኖር ሰው የሚዳኘው በዚያ ነው፤ የባህል ጋብቻን ግን እሱም ያውቃል። ስለዚህ «ያላገባ» የሚለው ቃል ሐሰተኛ መረጃ ሆኖ የግል ማኅደሩ ውስጥ ገባ።

በማስታወቂያው ላይ «ያላገባ» ከተባለ የሚሻለው ያንን ዙር ማሳለፍ ነው። ሌላ ዙር፣ ወይም ባለሙያ የሚፈልግ ክፍል፣ መስፈርቱን ሊያላላ ይችላል። ደብቆ የገባ ሰው የሚከፍለው ዋጋ በመጀመሪያው ወር አይታይም። የሚታየው ሚስት ወይም ልጅ አንድ ነገር ከሠራዊቱ ሲፈልጉ፣ ወይም እሱ ሲቆስል ነው። የአገልግሎት ውሉም የዓመት ጉዳይ ነው፤ ለረጅም ዘመን 7 ዓመት ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል፤ በየዙሩ የተጻፈውን ቁጥር ከመፈረም በፊት ማንበብ ይገባል። ፎርሙ ላይ የሌለች ልጅ ያን ሁሉ ዓመት ፎርሙ ላይ የለችም።

ምደባ በሦስት ደረጃ ነው የሚመጣው

ቤተሰቡ ምደባን እንደ መምህር ምደባ አንድ ወረቀት፣ አንድ ከተማ አድርጎ ነበር የሚያስበው። አሠራሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የማሠልጠኛ ማዕከል ይመጣል፦ ብርሸለቆ፣ ሁርሶ፣ ጦላይ ወይም ብላቴ። ምልምሉ ይህን የሚያውቀው ሊሄድ ቀናት ሲቀሩት ነው፤ አንዳንዴ መኪና ላይ ሲወጣ። ቀጥሎ ከመሠረታዊ ውትድርና ሲመረቅ ክፍሉ ይነገረዋል፤ ይህን የሚወስነው የትኛው ክፍለ ጦር ሰው ጎደለው የሚለው እንጂ የምልምሉ ምርጫ አይደለም። ሦስተኛው ክፍሉ ያለበት ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ ግዳጅ በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል። ሐረርጌ የነበረ ሬጅመንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ቀጣና ሊሆን ይችላል፤ ለቤተሰብ አስቀድሞ አይነገርም፣ ሊነገርም አይገባም።

ስለዚህ ቤተሰብ መያዝ ያለበት የቦታ ስም ሳይሆን የክፍል አድራሻ ነው፦ መለያ ቁጥር፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ሬጅመንት፣ ክፍለ ጦር፣ ዕዝ። ቦታው ዐሥር ጊዜ ቢቀየር በዚህ ቅደም ተከተል የሚጠይቅ ሰው መልስ የማግኘት ዕድል አለው። «ጅግጅጋ አካባቢ ነው ያለው» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከየበሩ ይመለሳል። አድራሻው ደብተር ላይ ተጽፎ ቤት ይቀመጣል፤ ስልክ ላይ፣ ፌስቡክ ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ አይቀመጥም።

በዚህ ጉዳይ አባትየው ሁርሶ ገባ፤ ግንቦት 2016 ተመርቆ ምሥራቅ ላለ ክፍል ተመደበ፤ ጳጉሜን ላይ ክፍሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ለዐሥር ሳምንት ድምፁ ጠፋ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ የነበረበት ቦታ ኔትወርክ የለውም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በትግራይ ስልክና ባንክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ነበር፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። የወታደር ቤት ዕቅዱን ሲሠራ ቢያንስ የሦስት ወር ዝምታን እንደ መደበኛ ነገር መቁጠር አለበት። መርዶ የሚመጣው በሰው፣ በደንቡ ነው፤ ዝምታ በራሱ መርዶ አይደለም። እናትየው ግን በስድስተኛው ሳምንት የጎረቤት ወሬ ሰምታ ልትቀመጥ ደርሳ ነበር። ዕድርተኞቿ ናቸው «ወረቀት ሳይመጣ ለቅሶ የለም» ብለው የያዟት።

ካርዱና ሂሳቡ

ከመሄዱ በፊት የቤቱ የወር ወጪ ይህን ይመስል ነበር፦ ኪራይ 3,500፣ አስቤዛና ከሰል 7,000፣ ትራንስፖርትና መድኃኒት 800፤ በጠቅላላ 11,300 ብር። ከጉሊቱ በወር 3,500 ያህል ይገኛል። ጉድለቱ 7,800 ነው። በሥልጠና ወራት ለምልምሉ የሚደርሰው ለሳሙናና ለስልክ ካርድ የሚበቃ ነው፤ ወደ ቤት የሚላክ አይተርፍም። ሥልጠናው አምስት ወር ቢፈጅ ቤቱ 39,000 ብር መጠባበቂያ ይፈልጋል ማለት ነው። በእጃቸው የነበረው 12,000 ነው፤ ሁለት ወር አልሞላም።

የነበረው መውጫ ዕቁቡ ነበር። አባትየው በየሳምንቱ 500 ብር የሚጥልበት፣ አርባ ሰው ያለበት ዕቁብ ነበረው፤ ዕጣው ገና አልወጣም። አርባ ሰው በ500 ብር 20,000 ነው። የዕቁቡን ዳኛ አነጋግሮ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ዕጣውን አስቀድሞ መውሰድና መጣሉን ለሚስቱ ማስተላለፍ ይቻል ነበር፤ ዳኞች እንዲህ ላለ ጉዳይ አይጨክኑም። ሳይነግራቸው ሄደ። እናትየው በሦስተኛው ወር መጣል ስታቆም እስከዚያ የገባው ገንዘብ ዙሩ ሲያልቅ ብቻ እንደሚመለስ ተነገራት።

ደመወዙ ሲጀምር ሌላ ችግር መጣ። ማሠልጠኛው ላይ አዲስ የባንክ ሂሳብ በስሙ ተከፈተለት። የኤቲኤም ካርዱን ፈቃድ በወጣ ጓደኛው እጅ ለሚስቱ ላከ፤ የምስጢር ቁጥሩን በስልክ ነገራት። ሁለት ወር ሠራ። በሦስተኛው ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አሳስታ መታች፤ ካርዱ ተዘጋ። ቅርንጫፉ የሰጣት መልስ ትክክለኛ ነበር፦ «ባለሂሳቡ ራሱ ይምጣ፣ ወይም ውክልና አምጪ»። እሱ ያኔ ኔትወርክ ከሌለበት ቦታ ነው። ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ አለ፤ ቤት ውስጥ ሽሮ የለም።

ካርድ መስጠት ገንዘብ ማድረሻ መንገድ አይደለም፤ ብዙ ወታደሮች ግን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የሚሠራው በሚስት ስም የተለየ ሂሳብ ከፍቶ፣ ደመወዝ በሚገባበት ሂሳብ ላይ በየወሩ የተወሰነ መጠን ወደ እሷ እንዲተላለፍ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ መስጠት ነው። የደመወዙ ሂሳብ የሚከፈተው ማሠልጠኛ ላይ ስለሆነ ትእዛዙን እዚያው፣ ሂሳቡ በሚከፈትበት ሰዓት መሙላት ይቀላል፤ ከተመደቡ በኋላ ባንክ ቤት መድረስ ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል። ለዚህ ደግሞ የሚስቱን የሂሳብ ቁጥር በቃሉ ወይም በወረቀት ይዞ መሄድ አለበት፤ ስልክ ሥልጠና ላይ ይሰበሰባልና። ቴሌብር እንደ ተጨማሪ መንገድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሲም ካርዱ በማን ስም ነው የሚለው መታየት አለበት። የዚህ ቤት ሁለቱም ቁጥሮች በእሱ ስም ነበሩ፤ የእሷ ስልክ ሲሰረቅ ሲሙን በራሷ ማስተካት አልቻለችም።

ሁለተኛው መንገድ ውክልና ነው፤ አጻጻፉ ግን ወሳኝ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። በአንቀጽ 2205 የተዘረዘሩት፣ ለምሳሌ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥና በፍርድ ቤት መክሰስ ወይም መከላከል፣ ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። «በስሜ ሁሉንም እንድትሠራ» የሚል ወረቀት ባንክ ፊት አይበቃም። የሂሳብ ቁጥሩ፣ ገንዘብ ማውጣት፣ ካርድ ማሳተምና መቀየር፣ የኪራይ ውል መፈረም፣ ልጅን ማስመዝገብና ማሳከም፣ ፍርድ ቤት መቆም ተለይተው ይጻፉ። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሂሳቡ የሚከፈተው በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። ወታደር ውክልና ብቻውን በቂ ነው ብሎ መሄድ የሌለበት፣ የሚስቱ የራሷ ሂሳብም አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የልጅቷ ወረቀት

ልጅቷ የተወለደችው አያት በኩል ባለ ጤና ጣቢያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ይህኛው አልተመዘገበም። እናትየው በ2017 መጀመሪያ ለመዋዕለ ሕፃናት ልታስገባት ስትሄድ የልደት ምስክር ወረቀት ተጠየቀች። ምዝገባ ቢሮ ስትሄድ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ተጠየቀች፤ ካልሆነም አባትየው ራሱ ቀርቦ ልጄ ናት ይበል። ጋብቻውን ልታስመዝግብ ስትሞክር ሁለቱም ተጋቢዎች ቀርበው መፈረም አለባቸው ተባለች። ሦስቱም በሮች ያንኑ ሰው ይጠይቃሉ፤ ሰውየው ግዳጅ ላይ ነው። ቢሮዎቹ ያጠፉት ነገር የለም፤ በሌለ ሰው ስም አባትነት መመዝገብ ለልጅም ለአባትም አደገኛ ነው።

በዚሁ መሃል ልጅቷ የሳንባ ምች ያዛት። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነበራቸው፤ ዕድሳቱ ግን አልፏል፤ ደብተሩ በአባትየው ስም ስለነበር እናትየው በራሱ የሚታደስ መስሏት ነበር። ሕክምናው በጥሬ ገንዘብ፣ ከሁለት ጎረቤት ተበድራ ሆነ። የወታደር ቤተሰብ በሠራዊቱ የሕክምና ተቋማት የሚስተናገደው ሚስትና ልጅ በግል ማኅደሩ ላይ ተመዝግበው ሲገኙ ነው፤ የዚህ ቤት ማኅደር ደግሞ «ያላገባ» ይላል።

ጡረታውም ከዚሁ ማኅደር ነው የሚጀምረው። ከወታደሩ ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፤ መንግሥት ደግሞ በላዩ ይጨምራል። ወታደሩ ቢሞት ተተኪዎች የሚባሉት የትዳር ጓደኛ፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ወላጆች ናቸው። እያንዳንዳቸው ግን በወረቀት መረጋገጥ አለባቸው። ባለበት ሁኔታ አንድ ነገር ቢደርስበት ኖሮ ወዲያው የሚታወቁት ገጠር ያሉት እናቱ ብቻ ነበሩ፤ ሚስትና ልጅ በፍርድ ቤት ክርክር ይገቡ ነበር።

ድሬዳዋ ድረስ የሄደው ዕቃ

በክረምቱ፣ ምሥራቅ ሳለ፣ አባትየው «ረጅም ጊዜ እዚህ ነን ይላሉ፤ ነይ» አላት። እናትየው ቤቱን ለቀቀች፣ የጉሊቱን ቦታ ለሌላ ሰጠች፣ አልጋና ቁም ሣጥኑን ሸጠች፣ ልጅቷን አዝላ ድሬዳዋ ወረደች። ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። በዚያው ሰሞን ክፍሉ ተንቀሳቀሰ። ለገጣፎ ስትመለስ የድሮ መኖሪያቸው በ4,500 ብር ለሌላ ሰው ተከራይቶ አገኘችው።

ቤተሰብ መንቀል የሚፈቀደው ክፍሉ የቤተሰብ መኖሪያ ያለው ካምፕ ሲሆንና አለቃው በደንቡ ሲፈቅድ ነው። «ይላሉ» መረጃ አይደለም። ናፍቆቱን መወጣት ካስፈለገ ለሳምንት ሄዶ መመለስ ይቻላል፤ ቤትና ጉሊት ግን አይለቀቅም። ኪራዩም ቢሆን በቃል የተያዘና በእሱ ስም ብቻ የሚታወቅ ነበር። አዲስ አበባ በኩል ቢሆን ኖሮ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይጸናል፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። በየትኛውም በኩል ቢሆን የሚስት ስም በውሉ ላይ መግባት አለበት።

ስለ ሶማሊያ የሰላም ማስከበር ስምሪት ወሬ በየሳምንቱ ይነሣል፤ ዶላር ስለሚጠራበት ደግሞ ዕዳ የሚገቡበት ሰዎች አሉ። ስምሪት በክፍል ነው፤ ክፍሉ ካልተመረጠ ግለሰቡ አይሄድም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በራሱ ተልዕኮዎች በነፍስ ወከፍ የሚከፍለው ለአገሩ መንግሥት ነው፤ ወታደሩ የሚያገኘው አገሩ የወሰነለትን ነው። ስሙ ተጠርቶ እስኪገባ ድረስ በዚህ ገንዘብ ምንም አይታቀድም።

በ15 ቀን ፈቃድ የታረመው

የካቲት 2017 ላይ አባትየው 15 ቀን ፈቃድ አገኘ። የጠቀመው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ጋብቻ፣ ቀጥሎ ልደት፣ ቀጥሎ ውክልና፣ ቀጥሎ ባንክ፣ በመጨረሻ ማኅደር። አንዱ ሲጎድል የሚቀጥለው አይከፈትም።

በፌዴራሉ ሕግ አዲስ የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ ለመፈጸም ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በ15 ቀን አይደርስም። እነሱ ግን ያስመዘገቡት ቀድሞ የተፈጸመውን የሽማግሌ ጋብቻ ነው። የውሉ ወረቀት ተገኘ፤ በአማርኛ ስለተጻፈና የቢሮው የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ የተረጋገጠ ትርጉም ተሠራለት። ምስክር ሆነው የፈረሙትን ሽማግሌዎች ከገጠር ማምጣት ነበር ከባዱ፤ ሦስት ቀን በላ። ልደቱ ላይ ጤና ጣቢያው የሰጠው ማሳወቂያ ጠፍቶ ነበር፤ ከማዋለጃ መዝገቡ ተፈልጎ በድጋሚ ተጻፈ፤ የክትባት ካርዷም አብሮ ቀረበ። ጊዜው ስላለፈ የዘገየበት ምክንያት በጽሑፍ ተጠየቀ።

ያልታሰበ መሰናክል የስም አጻጻፍ ነበር። የአባትየው የአያት ስም በመታወቂያው ላይ በሁለት ቃል፣ በባንኩ ላይ በአንድ ቃል፣ በሠራዊቱ መታወቂያ ላይ ደግሞ በሌላ ፊደል ነው። «ወልደ ማርያም»፣ «ወልደማርያም» እና «ወ/ማርያም» ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ውክልናው ሊፈረም ሲል ይህ ታይቶ መታወቂያው እስኪታረም ሁለት ቀን ሄደ። ምልምል ከመግባቱ በፊት መታወቂያውን፣ ፋይዳውን፣ የትምህርት ማስረጃውንና የባንክ ደብተሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ቢያይ ይህ አይደርስም።

ማኅደሩን ማረም የመጨረሻውና የሚያስፈራው ነበር። ሁለቱን ምስክር ወረቀቶች አያይዞ በራሱ እጅ ማመልከቻ ጻፈ፤ ሲመዘገብ ያላገባ ብሎ መሙላቱን ሳይሸፋፍን አመነ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ሚስቱና ልጁ ተመዘገቡ። ሁሉም ሰው እንዲህ በቀላሉ አያልፍም። ራስ መጥቶ መናገርና በሌላ ሰው ጥቆማ መጋለጥ ግን በአለቃ ፊት አንድ አይደሉም።

ዘጠኙ ቀን ቢበቃ ኖሮ

ጥሪው ሲመጣ የነበረው ዘጠኝ ቀን ለዚህ ሁሉ አይበቃም፤ ለምዝገባ ሲወስን ግን ገና ስድስት ሳምንት ነበረው። የጋብቻና የልደት ምዝገባ ያኔ መጀመር ይችል ነበር፤ ምልመላውን አላለፍክም ቢሉት እንኳ የሚባክን ነገር የለም። ለዘጠኙ ቀን የሚቀሩት ውክልናው፣ የሚስት የባንክ ሂሳብ፣ ሲም ካርዱን በስሟ ማዛወር፣ የኪራይ ውሉ፣ ዕቁቡና ዕድሩ ናቸው። የዕድር አባልነቱ በሚስት ስም ጭምር ይሁን። የሁሉም ወረቀት ሁለት ሁለት ኮፒ፣ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ እህቷ ዘንድ። የጤና መድኅኑ መታደሻ ወር ግድግዳ ላይ ይጻፍ።

እናትየው ልጅቷን ብቻዋን የምታሳድግ ሆና ምልምሏም እሷ ብትሆን ኖሮ ሌላ ጥያቄ ይመጣ ነበር። በሕጉ አባትና እናት እኩል አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው፤ አንዳቸው ሲሄዱ ሌላው ይቀጥላል። ልጅን ለአያት ወይም ለእህት ትቶ ብቻ መሄድ ግን ለአያትየዋ ሆስፒታል ፊት የመፈረም ሥልጣን አይሰጣትም፤ ያኔ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሞግዚት ማስሾም ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የወራት ሥራ ነው።

ልጅቷ መስከረም 2018 መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። ደመወዙ በየወሩ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ይተላለፋል፤ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም። አባትየው አሁን ያለበትን ቦታ እናትየው አታውቅም። የሻለቃውን ስም ግን ታውቃለች። ያልተጠናቀቀው የቅርብ ተጠሪው ጉዳይ ነው፤ ማኅደሩ ላይ ሚስት ብትገባም ተጠሪ በሚለው ቦታ አሁንም የእሱ እናት ናቸው፤ ለማስቀየር የተጻፈው ማመልከቻ ምላሽ እየጠበቀ ነው። እስከዚያው ድረስ አማቷ ያሉበት ገጠር ስልክ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች የእሷን ቁጥር ይዘዋል።